ኔትወርክ የለም ሲባል የቱ ነው የጠፋው? ስለ ሞባይል ስልክ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስደውል ድምፄ በምን በኩል ያልፋል?

ቀፎው ትንሽ ሬዲዮ ነው። የሚነጋገረው በአቅራቢያው ካለ ማማ ጋር ነው፤ የተደወለለት ሰው አጠገብዎ ቢቀመጥ እንኳ ድምፅዎ በማማው በኩል ዞሮ ነው የሚደርሰው። ማማው ላይ ቆመው የሚታዩት ረጃጅም ነጭ ሣጥኖች አንቴናዎቹ ናቸው። ብዙ ጊዜ በሦስት አቅጣጫ ይሰቀላሉ፤ እያንዳንዱ አቅጣጫ 120 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ የሚሸፍነውም ቦታ "ሴል" ይባላል። ከበሮ የሚመስሉት ክብ ነገሮች ግን ከእርስዎ ስልክ ጋር ሥራ የላቸውም፤ ማማውን ከሌላ ማማ ጋር የሚያገናኙ የማይክሮዌቭ መስመሮች ናቸው። ከተማ ውስጥ ይህን ሥራ በአብዛኛው የፋይበር ገመድ ይሠራዋል። በዚህ መስመር ወደ ማዕከሉ ይደረሳል። ማዕከሉ ሲምዎን ያጣራል፣ ሂሳብዎን ያያል፣ የተደወለለትን ሰው ፈልጎ በእርሱ አካባቢ ባለው ማማ በኩል ያስጠራዋል።

ስለዚህ አንድ ጥሪ እንዲሳካ ቀፎውና ሲሙ፣ አየሩ፣ ማማው ከነመብራቱ፣ ማማውን ከማዕከል የሚያገናኘው መስመር፣ በመጨረሻም ማዕከሉ ራሱ ደህና መሆን አለባቸው። ከአምስቱ አንዱ ሲበላሽ ሁላችንም "ኔትወርክ የለም" እንላለን። መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። ቀፎው ተበላሽቶ ማማ የሚወቅስ፣ ፋይበር ተቆርጦ ሲም የሚያስቀይር ሰው ጊዜውንም ገንዘቡንም በከንቱ ያወጣል።

ስልኬ ክፍት ነው፤ ደዋዮቼ ግን "ማግኘት አይቻልም" ይባላሉ። ለምን?

ስልክዎ ኪስ ውስጥ ሆኖም ዝም አይልም። ሲከፈት "እዚህ ነኝ" ብሎ ይመዘገባል፤ ከአንድ ቀጠና ወደ ሌላ ሲሻገር እንደገና ያሳውቃል፤ ሳይንቀሳቀስም ቢቆይ በየተወሰነ ጊዜው ይመዘገባል። ጥሪ ሲመጣ ማዕከሉ መጨረሻ የተመዘገቡበት ቀጠና ውስጥ ባሉት ማማዎች ሁሉ ይጠራዎታል። ስልክዎ ያን ጥሪ ካልሰማ ደዋዩ "ማግኘት አይቻልም" የሚለውን ድምፅ ይሰማል። ምድር ቤት ሲወርዱ፣ ሊፍት ውስጥ ሲሆኑ፣ ስልኩ ከ4ጂ ወደ 2ጂ ሲዘዋወር ባሉት ጥቂት ሰከንዶችም ይህ ይደርሳል። ደዋዩ ለብዙ ሰከንድ ዝምታ ሰምቶ ከዚያ መልእክቱ ከመጣ ማዕከሉ ስልክዎ ክፍት መስሎት ሲፈልግዎ ቆይቷል ማለት ነው። ባትሪው ድንገት ሲነቀል የሚሆነው ይኸው ነው፤ ስልኩ ተሰናብቶ አልወጣምና።

አሁን አሁን በጣም የተለመደው ምክንያት ግን ሁለት ሲም ነው። ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ 09 እና 07 ቁጥር በአንድ ቀፎ የሚይዝ ሰው በዝቷል። አብዛኞቹ ባለሁለት ሲም ስልኮች ግን ሁለቱን ሲሞች የሚያስተናግዱት በአንድ ሬዲዮ ነው። በ07 እያወሩ ሳለ 09ኙ ለጊዜው ከኔትወርክ ይወጣል፤ በዚያ ሰዓት በ09 የደወለ ሰው ስልክዎ የተዘጋ ይመስለዋል። መፍትሔው ጥሪን ማስተላለፍ ነው። በ09ኙ ሲም **62* ብለው የ07 ቁጥርዎን አስከትለው # ይጨምሩና ይደውሉ። ከዚያ በኋላ 09ኙ ሊገኝ ባልቻለ ጊዜ ጥሪው ወደ 07 ይሄዳል፤ ቀፎዎ የጥሪ ጥበቃ (ኮል ዌይቲንግ) ካለውም በወሬ መሃል ድምፅ ይሰጥዎታል። ለማጥፋት ##62# ነው። የተላለፈውን ጥሪ የሚከፍሉት ግን እርስዎ መሆንዎን አይርሱ።

አንቴናው ሙሉ ነው፤ ኢንተርኔቱ ግን አይሠራም። እንዴት ይሆናል?

ስክሪኑ ላይ የሚታዩት ዘንጎች የሚናገሩት ስለ አየሩ ብቻ ነው፤ ማማው ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ። ማማው ከጀርባው ከማዕከሉ ጋር መገናኘቱን አያሳዩም። መንገድ ሲቆፈር ፋይበር ከተቆረጠ ማማው እንደቆመ፣ ዘንጎቹም እንደሞሉ መረጃው መተላለፊያ ሊያጣ ይችላል።

ችግሩ ከእርስዎ ወይም ከእነርሱ መሆኑን ለመለየት በዚህ ቅደም ተከተል ይሞክሩ። መጀመሪያ በኢትዮ ቴሌኮም ሲም ከሆነ *804# ይደውሉና ሂሳብና ጥቅል መኖሩን ይዩ፤ ጥቅሉ ሳያውቁት ያለቀበት ጊዜ ብዙ ነው። ቀጥሎ ኤርፕሌን ሞድ ከፍተው 10 ሰከንድ ያህል ጠብቀው ይዝጉት፤ ይህ ስልኩ ከማማው ጋር ያለውን ምዝገባ እንደ አዲስ እንዲጀምር ያደርገዋል። ካልሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ኤፒኤን የሚባለውን ቦታ ይመልከቱ። ኤፒኤን ስልኩ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበትን በር የሚነግር ስም ነው፤ ከውጭ የመጣ ቀፎ ላይ ባዶ ወይም የሌላ አገር ሆኖ ይገኛል። ያኔ ስልክ መደወል ይቻላል፣ ኢንተርኔት ግን በፍጹም አይከፍትም። ትክክለኛውን ስም ኢትዮ ቴሌኮም በ994፣ ሳፋሪኮም በ700 ይነግርዎታል። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ሲሙን አውጥተው ሌላ ቀፎ ላይ ያስገቡት። እዚያ ከሠራ ጥፋቱ የቀፎው ነው። እዚያም ካልሠራ፣ የጎረቤት ስልክም ያው ከሆነ፣ ችግሩ ከማማው ወዲያ ነው፤ መጠበቅና ማሳወቅ እንጂ ሴቲንግ መነካካት ምንም አይረዳም።

ውጭ ላይ ጥሩ ነው፤ ቤት ስገባ ይጠፋል።

ቆርቆሮ ነው። የብረት ሉህ የሬዲዮ ሞገድን አያሳልፍም፣ መልሶ ይገፋዋል። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ የሆነ ቤት ውስጥ ሞገዱ የሚገባው በመስኮትና በበር ብቻ ነው። በብረት የተሞላ ኮንክሪትና አንጸባራቂ መስታወት የለበሱ አዳዲስ ሕንፃዎችም እንዲሁ ናቸው። የጭቃ ቤት ግን ከእነዚህ በጣም ይሻላል።

ዘንግ ከመቁጠር ቁጥሩን ማየት ይጠቅማል። በአንድሮይድ ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚለውን ከፍተው ወደ ሲም ሁኔታ ሲገቡ በዲቢኤም (የሞገዱ ኃይል መለኪያ) የተጻፈ ቁጥር ያገኛሉ፤ በአይፎን *3001#12345#* ብለው ይደውሉ። ቁጥሩ ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ነው። በ4ጂ 80 ሲቀነስ ላይ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው፤ 100 ሲቀነስ ላይ መድከም ይጀምራል፤ 110ን ሲያልፍ መቆራረጥ ይመጣል፤ 120 አካባቢ እንደሌለ ነው። ሦስት ነጥብ መውረድ ኃይሉ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው፣ 10 ነጥብ መውረድ ደግሞ አንድ አሥረኛው ብቻ ተረፈ ማለት ነው። በረንዳ ላይ 92 ሲቀነስ ያነበበ ስልክ ሳሎን ውስጥ 112 ሲቀነስ ካነበበ ጣሪያና ግድግዳው ከመቶው ዘጠና ዘጠኙን እጅ ወስደውታል። ቤት ውስጥ እየተዘዋወሩ ቁጥሩን ይዩና ሻል ያለውን ቦታ ይያዙ፤ የአንድ እርምጃ ልዩነት ብዙ ይቀይራል። በይነመረብ ከሆነ የሚፈልጉት ትርፍ ስልክ መስኮት ላይ አስቀምጠው ሆትስፖት መክፈት ርካሹ መፍትሔ ነው።

ሱቅ ላይ የሚሸጡትን ፈቃድ የሌላቸው ማጉያዎች እንዳይገዙ እንመክራለን። የሚያጎሉት ጩኸቱንም ጭምር ስለሆነ ማማው የሌሎችን ደካማ ስልኮች መስማት ይሳነዋል፤ እርስዎ ያተረፉት የመሰለዎትን ሰፈሩ ሁሉ ይከስርበታል።

ስልክ ስደውል 4ጂው ይጠፋና ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል። ቀፎዬ ተበላሽቷል?

አልተበላሸም። 4ጂ ሲነደፍ ለመረጃ ብቻ ነው የተነደፈው፤ ድምፅ በእሱ ላይ የሚሄደው ቮልቲኢ በሚባለው አሠራር ነው። ቀፎው፣ ሲሙና ኔትወርኩ ሦስቱም ቮልቲኢን ካልፈቀዱ ስልኩ ለጥሪው ሲል ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ይወርዳል። በ3ጂ ከሆነ ኢንተርኔቱ ቀስ ብሎ ይቀጥላል፤ በ2ጂ ከሆነ አውርተው እስኪጨርሱ ድረስ ቀጥ ይላል። ጥሪው ከመጥራቱ በፊት የሚሰማው የጥቂት ሰከንድ ዝምታም የዚህ መውረድ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ቮልቲኢ የሚል ማብሪያ ካለ ያብሩት።

ስክሪኑ ላይ ኢ የምትለው ፊደል 2ጂ ላይ መሆንዎን ትናገራለች፤ ጽሑፍ ይደርሳል፣ ቪዲዮ ግን አይታሰብም። ኤች 3ጂ ነው።

ማታ ማታና በበዓል ለምን ይጨናነቃል?

አንድ ሴል ያለውን አቅም ሁሉም ይካፈለዋል። 20 ሜጋኸርትዝ የተሰጠው የተለመደ 4ጂ ሴል በጥሩ ሁኔታ በሰከንድ እስከ 150 ሜጋቢት ይችላል። በአንድ ጊዜ 100 ሰው ቪዲዮ ቢከፍት ለእያንዳንዱ 1.5 ሜጋቢት ይደርሳል፤ ከማማው የራቁት ስላሉ ደግሞ በእውኑ ከዚያም ያንሳል። በ2ጂ ነገሩ ይበልጥ ጠባብ ነው፤ አንድ የሬዲዮ መስመር ለ8 የጊዜ ክፍል ይከፈላል፣ ጥቂቱ ለመቆጣጠሪያ ይውላል፣ የቀረው ሲያዝ ቀጣዩ ደዋይ አይገባም። በጥምቀት ጃንሜዳ፣ በደመራ መስቀል አደባባይ የሞላው ሕዝብ በአንድ ጊዜ ስልኩን ሲያወጣ ለተራ ቀን የተሰላው አቅም አይበቃም። እንዲህ ባለ ሰዓት አጭር መልእክት ይላኩ። መልእክት ቦታ እስኪገኝ ማዕከሉ ላይ ይቆያል፤ ጥሪ ግን ወዲያው ካልገባ ይወድቃል።

በአማርኛ የጻፍኩት አንድ መልእክት ለምን የሁለት ሂሳብ ይቆርጣል?

አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ብቻ ነው። የላቲን ፊደል በ7 ቢት ስለሚጻፍ 160 ፊደል ይገባል። የግዕዝ ፊደል ግን እያንዳንዱ 16 ቢት ይወስዳል፤ ስለዚህ የሚገባው 70 ፊደል ነው፣ ክፍት ቦታም እንደ ፊደል ይቆጠራል። "እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ" የሚለው ብቻውን 28 ነው፤ ለስምና ለምርቃት 42 ይቀርልዎታል። 71ኛው ፊደል ሲጻፍ መልእክቱ ለሁለት ይከፈላል። ክፍሎቹን መልሶ ለመስፋት ትንሽ ቦታ ስለሚያስፈልግ ያኔ እያንዳንዱ ክፍል 67 ፊደል ብቻ ይይዛል።

ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ ይህ ነው። በላቲን የተጻፈ ረጅም መልእክት ውስጥ አንዲት "ሀ" ወይም አንዲት ኢሞጂ ከገባች ሙሉ መልእክቱ ወደ 70 ፊደል ሥርዓት ይዞራል። 150 ፊደል የነበረው አንድ መልእክት በአንዲት የልብ ምልክት ሦስት ይሆናል። ለብዙ ሰው የሚልኩ ማኅበራትና ዕድሮች ይህን ቢያውቁ ወጪያቸው በጣም ይቀንሳል፤ መልካም ምኞቱን በ70 ፊደል መጨረስ ይቻላልና።

ቴሌብር በ*127# ያለ ኢንተርኔት እንዴት ይሠራል? መሃል ላይ ቢቋረጥስ?

በኮከብ ጀምሮ በመሰላል የሚያልቅ ቁጥር ሲደውሉ ስልኩ ከማዕከሉ ጋር በመቆጣጠሪያው መስመር ቀጥታ ጭውውት ይከፍታል። ዳታ አይፈልግም፣ በ2ጂም በተራ ስልክም ይሠራል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ስማርት ስልክ የሌለውም ሰው መጠቀም የቻለው በዚሁ ነው። ጉድለቱ ጭውውቱ የትም የማይቀመጥ መሆኑ ነው። ኔትወርክ ከተቋረጠ ወይም ለመመለስ ከዘገዩ ይዘጋል።

የሚስጥር ቁጥር አስገብተው ከላኩ በኋላ ከተቋረጠ ገንዘቡ ተልኮ ሊሆን ይችላል፤ የጠፋው ማረጋገጫው ብቻ ነው። ደግመው አይላኩ። ከ127 የሚመጣውን መልእክት ይጠብቁ፣ ካልመጣ ቀሪ ሂሳብዎን ይዩ፣ ካልተቀነሰ ብቻ እንደገና ይሞክሩ። ገንዘብ የገባ የሚመስል መልእክት ከተራ የ09 ወይም የ07 ቁጥር ከመጣ ሐሰተኛ ነው። ባለሱቆች በተለይ፣ ዕቃ ከመስጠታችሁ በፊት የራሳችሁን ሂሳብ ተመልከቱ።

ገጠር ስሄድ ባትሪዬ ለምን በግማሽ ቀን ያልቃል?

ማማው ሲርቅ ስልኩ ይጮኻል። በ2ጂ በ900 ሜጋኸርትዝ እስከ 2 ዋት ድረስ ሊያወጣ ይችላል፤ ማማ አጠገብ ሲሆን የዚህን እጅግ ጥቂቱን ነው የሚያወጣው። ኔትወርክ ጭራሽ በሌለበት ደግሞ ያለማቋረጥ ይፈልጋል። መደወል ብቻ ከፈለጉ የኔትወርክ ምርጫውን ወደ 2ጂ ዝቅ ያድርጉት፤ በሌለበት ቦታ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉት። ተራ 2ጂ ከማማው 35 ኪሎ ሜትር በላይ ሞገዱ ቢደርስ እንኳ አይሠራም፤ ማማው የስልኩን መዘግየት የሚያስተካክልበት ልክ እዚያ ላይ ያልቃል። ኮረብታ ላይ መውጣት የሚረዳው ሞገዱ በቀጥታ ስለሚሄድና ገደል ውስጥ ስለማይጎነበስ ነው።

ዳታዬ ቶሎ ያልቃል። ማን ነው የሚበላው?

ፍጥነት በሜጋቢት፣ ጥቅል በሜጋባይት ነው የሚለካው፤ 8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ነው። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚወስድ ቪዲዮ በአንድ ሰዓት 450 ሜጋባይት ይጨርሳል፤ ጥራቱን ከፍ አድርገው 3 ሜጋቢት ቢወስድ 1 ጊጋባይትን አልፎ ይሄዳል። በመተግበሪያ የሚደረግ የድምፅ ጥሪ በደቂቃ ግማሽ ሜጋባይት ገደማ ነው። ትልቁ ሌባ ግን ሳይታይ የሚወርደው ነው። ቴሌግራም ላይ በሴቲንግ ውስጥ ዳታና ማከማቻ የሚለውን ከፍተው በሞባይል ዳታ ቪዲዮና ፋይል ራሱ እንዳያወርድ ይዝጉት። ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ ዳታ ቆጣቢውን ያብሩ። የመተግበሪያ እድሳትን በዋይፋይ ብቻ ያድርጉት።

ፑክ ጠየቀኝ። ምን ላድርግ?

የሲም ፒን 3 ጊዜ ከተሳሳተ ፑክ የሚባል 8 አኃዝ ያለው የሲም መክፈቻ ቁጥር ይጠየቃል። እየገመቱ አይሞክሩ፤ 10 ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ለዘለዓለም ይሞታል። ቁጥሩ ሲሙ ተነቅሎ የወጣበት ፕላስቲክ ላይ ተጽፏል፤ ከጠፋ መታወቂያ ይዘው አገልግሎት ማዕከል ይሂዱ።

ዘመድ ከአሜሪካ ስልክ ሊልክልኝ ነው። ምን ልጠይቀው?

ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ስልኩ በድርጅት የተቆለፈ እንዳይሆን። በክፍያ የተወሰደ ስልክ ዕዳው ሳያልቅ አይከፈትም፤ እዚህ ሲም ሲገባበት ይህ ሲም አይፈቀድም ይላል፣ ሠፈር ላይ የሚደረገው መክፈቻም ብዙ ጊዜ ከእድሳት በኋላ ተመልሶ ይዘጋል። ሁለተኛ፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት አይፎን 14 እና ከዚያ ወዲህ የመጡት የሲም ማስገቢያ የላቸውም፤ በኢሲም (ቀፎው ውስጥ አብሮ በተሠራ ሲም) ብቻ ነው የሚሠሩት። አገልግሎት ሰጪዎን ስለ ኢሲም ጠይቀው ካላረጋገጡ አይቀበሉት።

ከዚህ ወደዚያ ለሚሄድም ማስጠንቀቂያ አለ። ትልልቆቹ የአሜሪካ ድርጅቶች 3ጂን በ2022 እ.ኤ.አ. ዘግተዋል። ቮልቲኢ የሌለው ቀፎ እዚያ ኢንተርኔት ቢከፍትም ስልክ መደወል አይችልም።

ስልኬ ቢሰረቅ፣ ወይም አንድ ሰው ኮድ ንገረኝ ቢለኝ?

ዛሬ *#06# ደውለው የሚመጣውን 15 አኃዝ ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ የቀፎው መለያ ነው፣ ለፖሊስ ሲያመለክቱ ይጠየቃሉ። ስልኩ ከጠፋ ቀድመው በሌላ ስልክ ወደ 994 ወይም 700 ደውለው ሲሙን ያዘጉ፤ ከቀፎው ይልቅ የሚያሳስበው በዚያ ቁጥር የተያዘው የባንክና የቴሌብር ሂሳብ ነው።

በጽሑፍ የመጣልዎትን ኮድ ለማንም አይንገሩ፤ የኩባንያው ሠራተኛ ነኝ ቢልም። ሌላው ዘዴ **21* ብሎ የሚጀምር ቁጥር እንዲደውሉ ማድረግ ነው። ይህ ጥሪዎን ሁሉ ወደ አጭበርባሪው ያስተላልፋል፤ የማረጋገጫ ጥሪም እሱ ጋ ይሄዳል። ተደርጎብዎት እንደሆነ በ*#21# ያጣሩ፣ በ##002# ሁሉንም ማስተላለፊያ ያጥፉ። ከማይታወቅ የውጭ አገር ቁጥር አንዴ ጠርቶ ለተቋረጠ ጥሪም መልሰው አይደውሉ፤ በውድ ታሪፍ ገንዘብ ለመብላት የተዘጋጀ ነው።

ማማ አጠገብ መኖር ይጎዳል?

ሞገዱ እንደ ራጅ አይደለም፤ የሰውነትን ሞለኪውል የሚሰብር ጉልበት የለውም፣ የሚያደርሰው ሙቀት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 እ.ኤ.አ. "የካንሰር መንስኤ ሊሆን ይችላል" ከሚላቸው ውስጥ መድቦታል፤ ጉዳት ያደርሳል ብሎ ያረጋገጠው ግን አይደለም። ሰው ከማማው ይፈራል እንጂ ሰውነቱን ይበልጥ የሚያገኘው ጆሮው ላይ ያለው ቀፎ ነው፤ ቀፎው ደግሞ ኃይል የሚቀንሰው ማማው ሲቀርብ ነው። መጠንቀቅ ከፈለጉ ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ረጅም ወሬ በማዳመጫ ያውሩ። ጣሪያ ላይ ከተተከለ አንቴና ፊት ለፊት በጥቂት ሜትር ርቀት መቆም ግን አይገባም፤ አጥሩ ለዚያ ነው የታጠረው።

994 ወይም 700 ስደውል ምን ልበል እንዲሰሙኝ?

"ኔትወርክ የለም" ካሉ ስልኩን አጥፍተው ያብሩት ይባላሉ። ይልቁንም ሰፈሩን ከታወቀ ምልክት ጋር፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነ፣ ጥሪውም ኢንተርኔቱም ወይም አንዱ ብቻ መቋረጡን፣ ስክሪኑ 2ጂ፣ 3ጂ ወይም 4ጂ ማሳየቱን፣ የዲቢኤም ቁጥሩን፣ ሲሙን ሌላ ቀፎ ላይ መሞከርዎን ይንገሩ። የጎረቤቶችም ስልክ ያው ከሆነ ሁለት ሦስት ቁጥር ያስመዝግቡ። የአንድ ሰው አቤቱታ እንደ ቀፎ ችግር ይታያል፤ በአንድ ሴል ሥር ያሉ የብዙ ቁጥሮች አቤቱታ ግን ቴክኒሻኑን ወደ ማማው ያመጣዋል። የአቤቱታውን መዝገብ ቁጥር ሳይቀበሉ ስልኩን አይዝጉ።